ለተቆረጠ ነርቭ መንገድ አሳይቶ የሚሟሟ ክር

ኅዳርና ታኅሣሥ በሰሜን ሸዋ ደጋ የአጨዳ ወራት ናቸው። በመንዝም፣ በአንጎለላም፣ በባሶና ወረናም ገብሱና ስንዴው በእጅ ይታጨዳል። ማጭዱ በቀኝ እጅ ነው፤ ዘለላው የሚጨበጠው በግራ። ስለዚህ ማጭድ ሲስት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ግራ እጅን ነው። ቁስሉ ይታጠባል፣ ይሰፋል፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ይደርቃል። አንዳንዱ ሰው ግን ቁስሉ ደርቆም ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ እንደደነዘዙ ይቀራሉ። ፍም ቢነካው አይሰማውም። ጣቶቼን ልዘርጋ ቢል አይታዘዙትም። ወራት ሲያልፉ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ እየከሳ ይጎደጉዳል። ቆዳው ቢገጥምም በሥሩ የሚያልፈው ነርቭ ተቆርጦ ቀርቷል።

ለእንዲህ ዓይነት ጉዳት በዓለም ላይ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት አንድ ነገር አለ። ከሰው ፀጉር ከመቶ እጥፍ በላይ በቀጠኑ ክሮች የተሠራ ትንሽ ቱቦ ነው። በተቆረጠው ነርቭ ሁለት ጫፎች መካከል ይገባል። ነርቩ በክሮቹ ላይ እየተሳበ ክፍተቱን ይሻገራል። ሥራው ሲያልቅ ቱቦው እዚያው ሰውነት ውስጥ ይሟሟል። ተመራማሪዎቹ ስካፎልድ ይሉታል፤ ደጋፊ መዋቅር እንበለው። ስለ እሱ ብዙ ይወራል፣ የተጋነነም አይጠፋም። እኔ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል ባይ ነኝ። ይህ ቱቦ ለምን እንዳስፈለገ የገባው ሰው፣ ነገ እጁን ማጭድ ቢቆርጠው ምን ማድረግ እንዳለበትም ይገባዋል።

ከነርቩ እንጀምር። እጃችንን የሚያዙት የነርቭ ሴሎች እጅ ውስጥ አይኖሩም። የሴሎቹ ዋና አካል ያለው አንገት አካባቢ በአከርካሪ ውስጥ ነው። ስሜት የሚቀበሉትም ከዚያው አጠገብ ናቸው። ከእያንዳንዱ ሴል አክሰን የሚባል አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ይወጣል። በትከሻ፣ በክንድ፣ በክርን አልፎ እስከ ጣት ይዘልቃል። አንድ ሴል ነው፤ ርዝመቱ ግን ሰባ ሰማንያ ሳንቲሜትር ይሆናል። ውፍረቱ ደግሞ ከ1 እስከ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ስለሆነ፣ ወፍራም የሚባለው አክሰን እንኳ ከፀጉር ይቀጥናል። ቀዶ ሐኪም በዓይኑ የሚያየው ነጭ ነርቭ የእነዚህ አክሰኖች በሺዎች የሚቆጠር እሽግ ነው።

ብዙ ሰው ነርቭንና ጅማትን ያደባልቃል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ የእጅ አንጓ ላይ ጎን ለጎን ያልፋሉ። አንድ ማጭድ ሁለቱንም ሊቆርጥ ይችላል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል። ነርቭ ትእዛዝና ስሜት ያመላልሳል። ጅማቱ ተሰፍቶ ነርቩ ከተዘነጋ ጣቱ ይታጠፋል፤ ባለቤቱ ግን ምን እንደጨበጠ በጣቱ አያውቅም። ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም፤ ሕክምናው ሁሉ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

አክሰኖቹን ዙሪያቸውን የሚጠቀልሉ ሴሎች አሉ፤ በጀርመናዊው ተመራማሪ በቴዎዶር ሽዋን ስም ሽዋን ሴሎች ይባላሉ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ስማቸው ግን እምብዛም አይነሳም። በሰላሙ ጊዜ አክሰኑን በቅባታማ ሽፋን ይጠቀልሉና መልእክቱ ቶሎ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ነርቩ ሲቆረጥ ግን ሥራቸውን ይቀይራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1850 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሐኪም አውግስጦስ ዎለር የእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ቆርጦ ምን እንደሚሆን ተመለከተ። ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል፣ ማለትም ከሴሉ ዋና አካል የተለየው፣ ቀስ በቀስ ተሰባብሮ ጠፋ። ከሴሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ክፍል ግን ዳነ። ዛሬ ዝርዝሩ ይታወቃል። የታችኛው አክሰን ይፈርሳል። ሽዋን ሴሎቹ ከነጭ የደም ሴሎች ጋር ሆነው ስብርባሪውን ያጸዳሉ። ከዚያ ይባዙና በተራ በተራ ተሰልፈው ይቆማሉ። በሰልፉ ውስጥ አክሰን የሚስብ ፕሮቲን ያመነጫሉ። መንገዱን ጠርገው፣ ምልክት አድርገው ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ከላይ በኩል ደግሞ የተቆረጠው አክሰን ጫፉ ላይ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ይህን ጫፍ እ.ኤ.አ. በ1890 መጀመሪያ አይቶ የገለጸው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። በ1906 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱም እሱ ነው። ይህ ጫፍ ወዲያ ወዲህ እየዳሰሰ ይሄዳል። የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ይጣበቅና ራሱን ይስባል። የሚይዘው ነገር ካጣ ይጠፋበታል። እርስ በርሱ ይተበተብና የሚያም እብጠት ይሆናል።

ፍጥነቱን ልብ በሉ። በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በወር ሦስት ሳንቲሜትር። እጅ አንጓ ላይ የተቆረጠ ነርቭ ጣት ጫፍ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ሊፈጅበት ነው። ክርን ላይ ከተቆረጠና ወደ መዳፍ ጡንቻ ሠላሳ ሳንቲሜትር ከቀረው፣ ወደ አሥር ወር። ትከሻ አጠገብ ከተቆረጠ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊቃረብ ይችላል።

ጡንቻው ይህን ያህል አይጠብቅም። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ወዲያው መክሳት ይጀምራል። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ገደማ ካለፈ፣ ነርቩ ቢደርስለት እንኳ ተመልሶ የመሥራት ዕድሉ በጣም ይጠባል። ስሜት ዘግይቶም ሊመለስ ይችላል፤ የጡንቻ ጉልበት ግን ቀነ ገደብ አለው። የዚህ ሳይንስ ጭንቀት ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ነርቭ ማደጉን ያውቅበታል፤ ማንም አላስተማረውም። የሚያጥረው አቅጣጫና ጊዜ ነው። የሚሟሟውን ክር ለመሥራት የሚደከመው ሁለቱን ለማትረፍ ነው።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው እንምጣ። ቁርጡ ንጹሕ ከሆነና ሁለቱ ጫፎች ሳይወጠሩ ከተገናኙ፣ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋቸዋል። ይህ እስከ ዛሬም ከሁሉም የተሻለው ነው፤ የትኛውም ናኖ ክር፣ ማለትም ከላይ ያልኩት እጅግ ቀጭን ክር፣ አልበለጠውም። ችግር የሚመጣው መካከል ላይ ክፍተት ሲኖር ነው። ጥይት ወይም የመኪና አደጋ ነርቩን ሲቆርጥ ቆርጦ ብቻ አይተወውም፤ ቁራሹን ይዞት ይሄዳል። ማጭድ የቆረጠውም ቢሆን ሳይታይ ወራት ከቆየ ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ይጠነክራሉ። ያንን ጠባሳ ቆርጦ ማውጣት ግድ ይሆናልና ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱን በጉልበት ስቦ መስፋት ደግሞ አያዋጣም። በ1970ዎቹ የቪየናው ቀዶ ሐኪም ሃኖ ሚሌሲ ያሳየው አንድ ትልቅ ነገር የተወጠረ ስፌት ጠባሳ እንደሚያበዛ ነው። ሳይወጠር በመካከል ቅጥያ ማስገባት ይሻላል።

ቅጥያው ከየት ይምጣ? ከራሱ ከበሽተኛው። አብዛኛውን ጊዜ ከባት ኋላ የሚያልፍ አንድ የስሜት ነርቭ ይወጣና ቁራሹ እጅ ላይ ይቀጠላል። ውስጡ ሽዋን ሴሎች ስላሉት ጥሩ ይሠራል፤ ለረጅም ክፍተት ዛሬም ተመራጩ እሱ ነው። ግን ዋጋ አለው። የእግሩ ውጫዊ ጎን ይደነዝዛል። ጤነኛ እግር ላይ ሌላ ቁስል ይከፈታል። የሚወሰደውም የተወሰነ ነው። ሁለት ሦስት ነርቭ ለተጎዳበት ሰው አይበቃም።

ቱቦ የማስገባት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው፤ ዕድሜውም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ቴሚስቶክለስ ግሉክ የሚባል ሐኪም ከአጥንት የተሠራ ቱቦ ሞክሯል፤ አልሆነለትም። ከመቶ ዓመት በኋላ የሲልከን ቱቦ መጣ። ሲልከን አይሟሟም። ነርቩ ካደገ በኋላ ዙሪያውን ያንቀውና ሌላ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሆኖም ብዙ አስተምሯል። በ1982 ስዊድናዊው ጎራን ሉንድቦርግና ባልደረቦቹ በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ባዶ ቱቦ ውስጥ ነርቭ የ10 ሚሊሜትር ክፍተት ይሻገራል። 15 ሚሊሜትር ሲሆን ግን አይሻገርም። ልዩነቱ አምስት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ምክንያቱም በባዶ ቱቦ ውስጥ መጀመሪያ ከደም ፈሳሽ የሚረጋ ስስ የፋይብሪን ገመድ መዘርጋት አለበት። ሽዋን ሴሎቹ የሚሄዱት በእሱ ላይ ነው። ክፍተቱ ሲረዝም ገመዱ ሳይገናኝ መካከል ላይ ይበጠሳል።

በ1999 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን የሚሟሟ ቱቦ ፈቀደ። ከፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮላጅን ከሚባለው የቆዳና የጅማት ፕሮቲንና ከሌሎችም የተሠሩ መጥተዋል። ሐኪሞች ለአጭር ክፍተት ይጠቀሙባቸዋል፤ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ሲሆን ግን አይታመኑም። ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ የሉንድቦርግ አይጦች ያሳዩት ችግር እዚህም ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው ባዶው ውስጥ ምን እናስገባ የሚል ሆነ።

በሰውነታችን ውስጥ ሴሎች ባዶ ቦታ ላይ አይኖሩም። ዙሪያቸውን ስስ የኮላጅን ክሮች መረብ አለ። የክሮቹ ውፍረት ከ50 እስከ 500 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር 80 ሺህ ናኖሜትር ያህል ይወፍራል። ሴል የሚይዘውና የሚሳብበት ክር ሲያገኝ አቅጣጫውን ከክሩ ይወስዳል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን በ1914 የፅንስ ሴሎችን በሸረሪት ድር ላይ አሳድጎ፣ ድሩን ተከትለው ሲረዝሙ አይቷል። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ሙከራ እጅግ ይገርመኛል፤ የዛሬው ሐሳብ ሁሉ ፍሬው እዚያ ውስጥ አለ። ሃሪሰን ያልነበረው የሸረሪት ድር የሚያህል ክር በፈለገው መጠን የሚሠራበት መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ዛሬ አለ፤ ኤሌክትሮስፒኒንግ ይባላል። መንዝ ውስጥ የበግ ጠጉር በእንዝርት ሲፈተል ያየ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። የተባዘተው ጠጉር ከእጅ ይሳባል፣ እንዝርቱ ይሾራል፤ ጠጉሩ በመሳቡ እየቀጠነ ክር ይሆናል። ባናውም ዝተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በቤተ ሙከራ የበግ ጠጉሩን የሚተካው ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ፖሊመር፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ረጅም ሞለኪውል ነው። የሚስበው ደግሞ እጅ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሙጫ የመሰለው ፈሳሽ ስሪንጅ ውስጥ ይሞላና በቀስታ ወደ መርፌው ጫፍ ይገፋል። መርፌው ላይ ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ቮልት ይለቀቃል፤ የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ በኤሌክትሪኩ ተወጥራ ሾጣጣ ትሆናለች። ይህን ሾጣጣ ቅርጽ በ1964 በሒሳብ ያስረዳው እንግሊዛዊው ጂኦፍሪ ቴይለር ነው። ውጥረቱ ሲበረታ ከሾጣጣው ጫፍ ቀጭን ፈሳሽ ይፈናጠራል። በአየር ላይ እየተጠማዘዘ ይረዝማል፣ እየረዘመ ይቀጥናል። ማሟሟያው ይተንና ደረቅ ክር ብቻ ይቀራል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ብረት ይቀበለዋል። የዚህ ዘዴ የመጀመሪያ ፓተንቶች የተመዘገቡት በ1902 ነው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይነካ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ አሜሪካዊው ዳረል ሬኔከርና ተማሪዎቹ እንደገና ወደ መድረክ አመጡት።

ተቀባዩ ብረት ዝም ብሎ የቆመ ሰሌዳ ከሆነ ክሮቹ እንደ ባዘቶ ተዘበራርቀው ይከመራሉ። በፍጥነት የሚሽከረከር ከበሮ ከሆነ ግን በአንድ አቅጣጫ ይጠቀለላሉ። ለነርቭ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። በ2008 ጆርጂያ ቴክ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጥ እግር ነርቭ ላይ የ17 ሚሊሜትር ክፍተት ፈጠሩ። ባዶ ቱቦ የሚያቅተው ርዝመት ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ የተዘበራረቀ ክር፣ በሌሎቹ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ ክር አስገቡ። የተደረደረው ላይ ነርቩ ተሻገረ፤ የተዘበራረቀው ላይ አልሆነም። ማሳደጊያ ፕሮቲን አልጨመሩም። ሁለቱም ክሮች ከአንድ ፖሊመር የተሠሩ ነበሩ። ከድርደራው በቀር ለውጥ አልነበረም። ፖሊመሩ ራሱ የሚሟሟ ዓይነት አልነበረም፤ ግን አቅጣጫ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም።

ቀጥሎ መሟሟቱ። ይህን ሲሰሙ የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ፕላስቲክ ሰውነቴ ውስጥ ሊቀልጥ ነው ወይ ይላሉ። መልሱ እዚሁ ቅርብ አለ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ማኅፀኗ የሚሰፋው ማንም መጥቶ በማይነቅለው ክር ነው። ያ ክር ብዙውን ጊዜ ከግላይኮሊክና ከላክቲክ አሲድ ሰንሰለት የተሠራ ነው። የነርቩ ቱቦ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ቤተሰብ ነው። በሰውነት ውስጥ ያለ ውኃ ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት ይቆርጠዋል። የሚወጣው ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ ስንሮጥም ጡንቻችን የሚያመርተው ነው። ሰውነት ያቃጥለውና በትንፋሽና በሽንት ይወጣል።

ከባዱ ፍጥነቱን መምረጥ ነው። ሦስት ሳንቲሜትር ለመሻገር ነርቩ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል። ከመነሳቱ በፊት የሚያባክነው ጊዜ አለ፤ ከተሻገረ በኋላም ለመጠንከር ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ድጋፉ ሁለት ሦስት ወር ሳይፈርስ መቆየት አለበት። ቶሎ ከፈረሰ ነርቩ መካከል ላይ ድጋፍ ያጣል። አሲዱም በአንድ ጊዜ ይበዛና አካባቢውን ያቆጣል። ከዘገየ ደግሞ የሲልከኑ ችግር ይመለሳል። ፖሊግላይኮሊክ አሲድ በወራት ያልቃል። ከላክቲክ አሲድ ጋር ሲቀላቀል እንደ መጠኑ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል። ፖሊካፕሮላክቶን የሚባለው ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ይህኛው ጠንካራና ለመፈተል ምቹ ነው፤ ግን ውኃ አይወድም፣ ሴልም አይጣበቅበትም። ስለዚህ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ጄላቲን ጋር ያዋህዱታል። በ2008 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት 70 በመቶ ፖሊካፕሮላክቶንና 30 በመቶ ጄላቲን የተቀላቀለበት ክር ለነርቭ ግንድ ሴሎች፣ ማለትም ገና ወደ ነርቭ ሴል ለሚያድጉት፣ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ክሮቹ የሚፈተሉበት ማሟሟያ ብዙ ጊዜ መርዛማ ስለሆነ፣ ተሟጥጦ መውጣቱም መረጋገጥ አለበት።

ከዚህ በላይ የሚጨመርም አለ። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን የ1986ን የኖቤል ሽልማት ያገኙት የማሳደጊያ ፕሮቲኖችን በማግኘታቸው ነው፤ ከእነሱ አንዱ ነርቭን የሚያሳድግ ነው። ያንን ፕሮቲን በክሩ ውስጥ ከተው ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የሚያደርጉ አሉ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር የሚቀላቅሉም፣ ሽዋን ሴሎችን ዘርተው የሚያስገቡም አሉ። ሁሉም ተስፋ አላቸው። በእኔ ግምት ግን አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ዋጋውና የፈቃዱ መንገድ ይረዝማል። እንደኛ ላለ አገር ቶሎ ሊደርስ የሚችለው ቀለል ያለው ነው፤ በወጉ የተደረደረ፣ በጊዜው የሚሟሟ ክር፣ ሌላ ምንም ያልተጨመረበት።

ታዲያ ዛሬ የት ነው ያለው? ባዶዎቹ ቱቦዎች ሰው ላይ እየሠሩ ነው። ናኖ ክር የተሞላባቸው ግን በአብዛኛው ገና በአይጥ ላይ ናቸው። የአይጥ ነርቭ ከሰው ይልቅ በቀላሉ ይድናል። የሚፈተንበት ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ነው፤ ወደ ጡንቻው ያለው ጉዞም አጭር ነው። ሰው ላይ ክንድ ሙሉ መጓዝ አለ፣ የጡንቻው ቀነ ገደብም አለ። ስለዚህ አይጥ ድኖ በዜና ሲነገር፣ ለሰው ደረሰ ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግልጽ መሆን ያለበት የአከርካሪው ጉዳይ ነው። ወገቡ ተመትቶ እግሩ ሽባ የሆነ ሰው ያለበት ቤተሰብ ይህን ዓይነት ዜና ሲሰማ ልቡ ይነሳል፤ ይገባኛል። ግን የአከርካሪ ነርቭ ከእጅ ነርቭ ጋር አንድ አይደለም። እዚያ ሽዋን ሴሎች የሉም። በቦታቸው ያሉት ሴሎች መንገድ ከመጥረግ ይልቅ እድገትን የሚከለክል ፕሮቲን አላቸው። ጠባሳውም ይዘጋል። በአከርካሪ ውስጥ ናኖ ክር አስገብቶ ሽባን የሚያስነሳ የተፈቀደ ሕክምና ዛሬ በየትም አገር የለም። አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ በሬ ሸጣችሁ እንዳትሰጡት አደራ። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ለደነዘዘ እግርና እጅም ቱቦው መልስ አይሆንም። እዚያ ነርቩ አንድ ቦታ አልተቆረጠም፤ በርዝመቱ ተጎድቷል። የስኳር መድኃኒቱን በወጉ መውሰድና የሥጋ ደዌን ሕክምና ቶሎ መጀመር ነው የሚያድነው።

መሣሪያውን አገር ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል ተማሪ ካለ፣ የመፍተያው ክፍል ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ምንጭ፣ ስሪንጅ በቀስታ የሚገፋ ፓምፕ፣ የሚሽከረከር ተቀባይ። የቮልቱ አደጋ የሚገባው ኃላፊ እስካለ ድረስ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይችለዋል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የሴልና የእንስሳት ሙከራ፣ ንጽሕናው፣ ሰው ላይ ለመሞከር የሚጠየቀው ማረጋገጫ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱን በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሰይሟል። በዚያ ስም በተጠራ ግቢ ውስጥ አንድ ቀን የነርቭ ጥናት ቢጠነክር ደስታዬ ወሰን የለውም።

እስከዚያ ግን ማጭድ የቆረጠው እጅ ቱቦ አይጠብቅም። በማጭድ የተቆረጠ ነርቭ ንጹሕ ቁርጥ ነው፤ በቀናት ውስጥ ከታየ ጫፍ ከጫፍ ተሰፍቶ የመዳን ዕድል አለው። የሚያሳዝነው ቆዳው ብቻ ተሰፍቶ ወራት ሲያልፉ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ሰው ቁስሉ ከመሰፋቱና ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ሦስት ቦታ ይነካ፤ የትንሿ ጣት ጫፍ፣ የሌባ ጣት ጫፍ፣ በእጅ ጀርባ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቆዳ። ከሦስቱ አንዱ እንደ ሌላው እጅ ካልተሰማው አንድ ትልቅ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጣቶቹን ይዘርጋ፣ አውራ ጣቱን ከትንሿ ጋር ያገናኝ፣ የእጅ አንጓውን ወደ ላይ ያንሳ። ያቃተው ካለ ለጤና ባለሙያው በግልጽ ይነገር፣ ሪፈርም ይጠየቅ። ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ያደክማል፤ ያስወጣል። ግን ከላይ ያልኩትን የቀን ሂሳብ አስቡት። ጥይት ወይም ምት የጎዳው ነርቭ ሌላ ነው፤ ሳይቆረጥ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል። መጠበቁ ግን በክትትል ይሁን።

ክንድ ተሰብሮ ወጌሻ ጋ የሚሄድ ብዙ ነው። ወጌሻን የምናከብርበት ምክንያት አለን። ሆኖም ጠብቆ የታሰረ እንጨት ደም ይከለክላል፤ ደም ያጣ ጡንቻና ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ጣት ከደነዘዘ፣ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ሕመሙ ከሚጠበቀው በላይ ከባሰ ማሰሪያው በዚያች ሰዓት ይፈታ፤ ሰውየውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ነርቩ ከተሰፋ በኋላ የደነዘዘው እጅ ጥበቃ ይፈልጋል። በመንዝ ብርድ ሁሉም ሰው እሳት ዳር ነው፤ የማይሰማ እጅ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ይቃጠላል። በዓይን እያዩ መሞቅ ግድ ነው። ጣቶቹ እንዳይደርቁ በየቀኑ በሌላው እጅ መታጠፍና መዘርጋት አለባቸው። ነርቩ እየመጣ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በ1915 ፈረንሳዊው ቲኔልና ጀርመናዊው ሆፍማን፣ አገሮቻቸው እየተዋጉ፣ ለየብቻቸው የገለጹት ቀላል መንገድ አለ። ከተሰፋው ቦታ ጀምሮ በነርቩ መስመር ላይ በጣት ጫፍ መታ መታ ይደረጋል። አዲሱ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ሲመታ ወደ ጣት የሚወርድ ንዝረት ይሰማል። ያ ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበትና በየወሩ ይለካል። ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር እየገፋ ከሄደ ነርቩ በመንገዱ ላይ ነው። ሦስትና አራት ወር አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ነርቩን የሰፋው ሐኪም እንደገና ያየው ዘንድ መመለስ ያስፈልጋል፤ ጡንቻው ገና ጊዜ አለውና።